በውሸት የተለቀሰ ለቅሶ

ዙሌይካ ፈሪ ናት። ይኼንን ፊት ለፊቷ ብትነግሯት አትቆጣም፤ «ታዲያ ምን ልሁንላችሁ?» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። የሳይረን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። ከአፓርትመንቱ ኦፊስ ደብዳቤ ሲመጣ ሳትከፍተው ሁለት ቀን ታሳድረዋለች። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ መብራት ታጠፋለች፣ ከዚያ ነው በቀዳዳዋ የምታየው። አንድ ቀን ቤት ተሳስቶ ፒዛ ያመጣ ልጅ ቢያንኳኳባት፣ መብራቱን ድርግም አድርጋ፣ ሶፋው ሥር ኩርምት ብላ፣ ልጁ ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ትንፋሿን ዋጠች። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ በዚህ ስቆባታል።

ሳቁ ይሳቅ፤ ግን የዙሌይካ ፍርሃት ሁሉ ተጠቅልሎ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው። ሀሩን ላይ። ሀሩን አንድ ለእናቱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ቁመቱ መለሎ፣ ሜስኪት የሚባል ከተማ ጎማ ቤት የሚሠራ፣ ሲነሳ የሚያስል አሮጌ መኪና የሚነዳ ልጅ። ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ድረስ የእናቱ ልብ አብሮት ሀይዌይ ላይ ይውላል። እሷ ሌዊስቪል የሚባል ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ቆማ ካርቶን ላይ ሌብል ትለጥፋለች፤ እጇ ይለጥፋል፣ አፏ ዱዓ ያደርጋል።

ልጁ ከድሮም ሯጭ ነበር። ኮምቦልቻ እያሉ ቤታቸው አስፋልት ዳር ነበር፤ ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ተሳቢውን እየጎተተ ቀን ከሌት ያልፋል። ሀሩን ደግሞ መራመድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከአልጋ ሲወርድ ሩጫ፣ ጨው ግዛ ሲሉት ሩጫ፣ ሲቆጡትም ሩጫ። አባቱ ከማሉዲን ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ታሞ ስለሞተ፣ ዙሌይካ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ወይስ አስፋልት ዳር ቆማ ልጅ ትጠብቅ? ኧረ ጭንቅ ነበር። ስሙን ብትጠራው ወደ ጠራችው ይሮጣል። «ቁም!» ብትለው ይስቅና ይብስበታል።

በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። ልጆች ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱት ሰማይ መሬት የሚባል ጨዋታ አለ፤ አንዱ «መሬት!» ሲል ሁሉም ቁጭ፣ «ሰማይ!» ሲል ሁሉም ብድግ። ተሳስቶ የቆመ ይወጣል። ሀሩን በዚህ ጨዋታ የሚያህለው አልነበረም፤ መሸነፍ አይወድማ። እናት ሆዬ ጨዋታውን ፍሬን አደረገችው። ግቢ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ባላሰበው ሰዓት «መሬት!» ትለዋለች፣ ልጁ ያለበት ዱብ ይላል። «ሰማይ!» እስክትለው ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ኳስ ተከትሎ አስፋልቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከሱቋ ውስጥ ሆና አንዴ ጮኸች። ልጁ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ኳሱን ተሳቢው በላው። ያን ቀን ዙሌይካ ወደ ቤት ያስገባችው አቅፋ ሳይሆን ተደግፋው ነው።

ዲቪ ደርሷት ዳላስ ስትገባ አስፋልቱ የቀረላት መስሏት ነበር። አልቀረላትም፣ መልኩን ቀየረ እንጂ።

ኋላ የምነግራችሁ ፊልም ከመሠራቱ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ፖሊስ ሀሩንን እዚያው የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ አስቆመው። የሚፈለግ ሰው መስሏቸው ነው አሉ። መንገድ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቁት። ዙሌይካ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆና አየችው። ልውረድ አለች። እግሯ እምቢ አላት። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ልጇ ተለቆ ደረጃውን ሲወጣ እሷ አሁንም እጀታውን እንደያዘች ነበር። ሀሩን ውሃ ጠጣና ተኛ። እሷ ግን ያን ቀን አልወረድኩም የሚለው ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ትምህርት ተጀመረ። እራት ሳይቀርብ በፊት ዙሌይካ ትጠይቃለች፣ ሀሩን እንደ ቁርዓን ቤት ተማሪ ይመልሳል።

«ፖሊሶች ፑል ኦቨር ብለው መኪናህን ሲያስቆሙህ እጅህ የት ነው?»

«መሪው ላይ።»

«ኪስህስ?»

«አልነካም።»

«ከመኪና ትወርዳለህ?»

«እማ፣ ይሄ እኮ አገር ቤት አይደለም። አልወርድም።»

«መሬት ላይ ሁን ሲሉህ ምንድን ነው የሚሉት?»

«ጌት ኦን ዘ ግራውንድ።»

«ግራውንድ» ትላለች እሷም፣ ቃሉን በጥርሷ ነክሳ ለመያዝ እየሞከረች። «ግራውንድ መሬት ነው። ግራውንድ።»

ሌላም ነገር ነበረባት፣ የማይነገር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት እናቷ ኮምቦልቻ አረፉ። መርዶው በስልክ መጣ። ዙሌይካ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከአንጀቷ ጮኸች። ታች ቤት ያለው ሰውዬ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበው። በነጋታው ከኦፊስ ወረቀት መጣ፤ ሀሩን አነበበላት፤ ድምፅ ቀንሱ ነው የሚለው። አይ ጉድ! ሰው እናቱ ሞታ ድምፅ ይቀንሳል? ቀነሰች እንጂ ምን ታደርጋለች። ለቅሶ ቤት ተብሎ ሰው ሲመጣ ሁሉም በሹክሹክታ አለቀሰ። ኋላ ላይ ሻወር ቤት ገብታ፣ ውሃውን ለቃ፣ ሻርፕ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሞከረችው። በሻርፕ የታፈነ ለቅሶ አይወጣም፤ ይመለሳል። እዚያው ደረቷ ውስጥ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሮሆቦት የመጣችው በዚህ ላይ ነው። ሮሆቦት ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ የምትኖር ልጅ ናት፤ በሦስት ዓመቷ መጥታ እዚህ ያደገች፣ ኮሌጅ ፊልም የምትማር፣ አማርኛዋ አንድ እግሩ አጭር የሆነ። አስተማሪዋ ስለ ከተማ ዳርቻ ድሆች፣ ስለ ስደተኛና ስለ ፖሊስ የተሠሩ የየአገሩን ፊልሞች አሳይቷቸው ልጅቷ አበደች። ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ዙሌይካ ሶፋ ላይ ተቀመጠችና አንዱን ከፈተች።

ዙሌይካ በጣቶቿ መሐል ነው ያየችው። አገሩ የት እንደሆነ አላወቀችም፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንኳን አይደለም። ግን ሁሉንም አወቀችው። በረንዳ ላይ የተሰጣውን ምንጣፍ አወቀችው። የማይሠራውን ሊፍት አወቀችው። ደረጃ ላይ ሥራ አጥተው የተኮለኮሉትን ልጆች፣ ፖሊስ ሲመጣ መስኮት የሚዘጉትን ሴቶች አወቀቻቸው። መጨረሻ ላይ ልጁ ተመትቶ ወደቀ፣ እናትየዋም እየሮጠች መጣች። ሮሆቦት ሁለተኛውን ፊልም ከፈተች፤ እዚያም ልጅ ወደቀ፣ እናት መጣች።

«ቆይ» አለች ዙሌይካ፣ ተናዳ። «እናትየዋ ምንጊዜም ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የምትመጣው? እስከዛ የት ሆና ነው?»

ሮሆቦት ሳቀች። «እትዬ ዙሌይካ፣ ፊልሙ እንደዛ ነው የሚሠራ። ማለቴ፣ ሞር ሳድ፣ የበለጠ እንዲያሳዝን።»

ዙሌይካ አልሳቀችም። የበሩ እጀታ ነው ትዝ ያላት።

ልጅቷ የመጣችበትን ጉዳይ ያኔ አወጣችው። የራሳችንን ፊልም እንሥራ፣ እዚሁ ሌክ ሃይላንድስ፣ እዚሁ ፓርኪንግ ውስጥ። ሀሩን የሚገደለው ልጅ ይሁን፣ እርስዎ እናቱ ሁኑ። «ሀሩን መሬት ላይ ይተኛል፣ ደም እንዲመስል ካቻፕ እናደርግበታለን፣ ሶ አንቺ ትመጫለሽ...»

«ውጪልኝ!» አለች ዙሌይካ።

«ኧረ አክቲንግ እኮ ነው!»

«ሟርት ነው! በሕይወት ያለ ልጄን አስተኝቼ ሙሾ ላውርድበት? አዑዙ ቢላህ! ሁለተኛ አፍሽ እንዳይለው።»

ሀሩን ወጥ ቤት ቆሞ እየሳቀ ነበር። እሷ ግን ተነስታ የቀኝ ትከሻውን ዳበሰችው፤ ሟርቱ ያረፈበት ይመስል።

ሮሆቦት ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። በሳምንቱ ተመለሰች። ሀሩን ይቅር አለች፤ ሟች የሚሆነው የክፍሏ ልጅ ኤልሮኢ ነው፣ ፊልሙ ላይ ስሙ ያሲን ይባላል። ፖሊሱ ታፈሰ ነው። ታፈሰ ማለት ዙሌይካን በየቀኑ ሌዊስቪል የሚያደርሳት ጎረቤት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሞል ውስጥ ጥበቃ ስለሚሠራ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ አለው። «ሽጉጥ የለም፣ አሻንጉሊትም የለም» አለች ሮሆቦት፣ አስባበታለች። «ኦፊስም ሄጄ አስፈቅጃለሁ። ሴትየዋ ኦኬ ብላለች። ሶ እርስዎ... እስክትጠግቢ መጮህ ትችያለሽ። ማንም ምንም አይልም።»

እስክትጠግቢ። ይቺ ቃል ገደል ከተተቻት። ዙሌይካም፣ «ሀሩን ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ይሁን» አለች። በቃ፣ ተስማማች ማለት ነው።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ። ሀሩን ከሜስኪት የሚወጣው አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ኤልሮኢ አስፋልቱ ላይ ተንጋለለ፤ ካቻፑ ደረቱ ላይ። ታፈሰ በሸሚዙ አጠገቡ ቆመ፤ «ዙሌዬ፣ ዛሬ እኔን ነው የምትሰድቢኝ አይደል? በርቺ፣ ከባለቤቴ ለምጃለሁ» እያለ ያስቃል። ሮሆቦት ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «አክሽን» አለች።

መጀመሪያ ዙሌይካ አልቻለችም። «ያሲን፣ ልጄ ያሲን» አለች በሹክሹክታ። ታፈሰ ሳቁን ዋጠ። ሁለተኛው ሙከራም እንደዚያው። በሦስተኛው ተንበረከከች፤ አስፋልቱ ጉልበቷን ጎረበጣት፤ መዳፏን መሬት ላይ ስታሳርፍ የፀሐይ ሙቀት ነበረው። ያኔ ምን እንደመጣባት እሷም አታውቀው። የእናቷ እጅ መጣባት። ያ ሙቀት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ አፏን ከፈተች።

ሮጦ የማይደክመው፣ ምነው ደከመህ፣
ከሰው አገር አፈር፣ ማን አጋደመህ።

እሱ ድምፅ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ በሻርፕ ታፍኖ የከረመ። ታፈሰ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ተንጋሎ የነበረው ኤልሮኢ ዓይኑን ገልጦ ፈርቶ አያት። በረንዳ ላይ ሰው ወጣ። አንዲት ሴትዮ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። ዙሌይካ ምኑንም አላየችም፤ ሙሾውን እያከታተለች ደቂቃዎች አለፉ። ወሎ እያለች ለቅሶ ስትደርስ እንደምታደርገው ተነስታ ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፤ እና የሰጧት ስም ጠፋት። ያሲን የሚባል ልጅ አልወለደችም። በአፏ የመጣው የወለደችው ስም ነው።

«ሀሩኔ! ሀሩኔ! ሀሩኔን!»

ሦስተኛው ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ግን የወጣ ነገር ወጥቷል፣ አይመለስም። «ያ ረቢ፣ አልሰማህም በለኝ» አለች በሆዷ።

ሳይረኑ የመጣው ያኔ ነው። ሁለት መኪና። በረንዳ ላይ ያለችው ሴትዮ ያየችውን ነው የተናገረችው፤ መሬት ላይ ደም ያለበት ልጅ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ የምትጮህ ሴት። ፖሊሶቹ በሮቻቸውን ከፍተው ከበሮቹ ጀርባ ቆሙ፣ ሽጉጣቸውን አወጡ። ሮሆቦት ካሜራዋን ቀስ አድርጋ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሳች። ታፈሰ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ ተንበረከከ። ኤልሮኢ ደግሞ ልነሳ ወይስ ሞቼ ልቅር በሚል መሐል አንገቱን ግማሽ ድረስ አንስቶ ቀረ። ዙሌይካም እጆቿን አነሳች። «ፊልም! ፊልም!» አለች። የሚሰማት የለም።

እና ሀሩን መጣ።

ሥራ ቀዝቅዞ ቀደም ብለው ለቀዋቸው ነበር፤ ኢኮኖሚው በወደቀበት በዚያ ዓመት ጎማ የሚቀይር ሰው እንኳን ጠፍቶ ነበርና። ከሕንፃው ጀርባ ፓርኪንጉ ዳር መኪናውን አቁሞ፣ የራሱ ጎማ ጎደል ያለ መስሎት፣ ቁጢጥ ብሎ በጎማ አየር መለኪያ እየለካ ሳለ ነው የእናቱን ለቅሶ የሰማው። በገዛ ስሙ። ሐበሻ ኡኡታ ሲሰማ ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ይኼንን ማንም አያስተምርም፣ ማንምም አይረሳውም። ሀሩን ደግሞ ከድሮም ሀሩን ነው። በሕንፃው ጥግ ታጥፎ ብቅ ሲል እየበረረ ነበር፤ እጁ ላይ እርሳስ የምታህል የምታብለጨልጭ ብረት፣ የአየር መለኪያዋ።

አንደኛው ፖሊስ ዞረ። ሽጉጡም አብሮት ዞረ።

ዙሌይካ አየች። ይኼ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ነው የሆነው፣ ለእሷ ግን ሰፊ ነበር፤ ልጇን ለማየት ጊዜ ነበራት፣ የሽጉጡን አፍ ለማየት ጊዜ ነበራት። ፖሊሱ ይጮሃል። ብዙ ቃል ነው፣ ተደራርቦ፣ ተጠላልፎ። ሀሩን አይሰማም፤ ዓይኑ እናቱ ላይ ብቻ ነው። እሷም ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንድ ቃል ብቻ ለየች፤ ግራውንድ።

ስሙን ብትጠራው ወደ እሷ ይመጣል፤ አሁንም የሚሮጠው ስሙን ሰምቶ ነው። «አትሩጥ» ብትለው ይብስበታል። «አላህ» ልትል አፏ ተከፈተ፣ እዚህ አገር ያ ቃል ሲጮህ ምን እንደሚመስላቸው ታውቃለች፣ ዋጠችው። ያን ቅዳሜ እምቢ ያላት እግሯ አሁንም እንደ ችካል ተተክሏል። ምላሷ ብቻ ነው የቀራት።

«መሬት!»

ድምፁ የለቅሶ ድምፅ አልነበረም። የኮምቦልቻዋ ጨርቅ ሻጭ ድምፅ ነበር፣ ከሱቅ ውስጥ እስከ አስፋልት የሚደርሰው።

ሀሩን ዱብ አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ መለሎ ነው፣ ሩጫው ገና አልበረደም፤ ጉልበቱ ታጠፈና በደረቱ ተንሸራቶ ተዘረጋ። መለኪያዋ ከእጁ አምልጣ እየተንኳኳች ሄደች። ንቅንቅ አላለም። ጉንጩን አስፋልቱ ላይ አድርጎ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ እናቱን እያየ ተኛ።

አልተተኮሰም። አልሐምዱሊላህ፣ አልተተኮሰም።

እጁን ወደ ኋላ አስረው አስነሱት። ሮሆቦት እያለቀሰች አስረዳች፣ ካሜራውን አሳየች፤ ኤልሮኢ ካቻፑን በጣቱ ልሶ አሳያቸው፣ እንዲያም ብሎ ማስረዳት አለ። ከኦፊስ ሴትየዋ ተጠርታ መጥታ፣ አዎ ነግረውኛል፣ ጩኸት ያለበት ግን አልመሰለኝም አለች። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያ ሽጉጡን ያዞረው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ የሀሩንን እጅ ሲፈታ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ዙሌይካ አየችው። እሱም ፈርቷል ማለት ነው። ይኼ ሊያጽናናት ሲገባ ጭራሽ አስደነገጣት። የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

ማታ እናቱ የሀሩን ጉንጭ ላይ የተሰካውን ጠጠር በመርፌ ታወጣለት ጀመር። ሦስተኛዋን ስታወጣ ነው የተናገረው።

«እማ፣ ስሜን ጠርተሽ ነበር የምታለቅሺው።»

«አምልጦኝ ነው የኔ ጌታ። አፌን ይቁረጠው።»

«እኔ እኮ...» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መጀመሪያ የሞትኩ ነው የመሰለኝ። እውነቴን ነው። እጄን አየሁት። ከዛ አንቺን አንድ ነገር ያገኘሽ መሰለኝና ሮጥኩ።»

ዙሌይካ መርፌውን አስቀመጠች። ያን ሌሊት ሁለቱም አልተኙም።

በነጋታው ሮሆቦት መጣች፣ ፊቷ አብጦ። ካሜራው መሬት ላይ ሆኖም አልጠፋም ነበር፤ ሁሉም ተቀርጿል፣ ከጎን ቢሆንም። «እትዬ፣ ይሄ ሪል ነው፣ የእውነት። ማንም እንደዚህ የለውም» አለች፤ ድምፅዋ ልመናም ሐፍረትም ነበረበት። ዙሌይካ አልጮኸችባትም። አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «እያየሁ አጥፊው» አለች። ልጅቷ አለቀሰች፣ ግን አጠፋችው። ለዚህ አከብራታለሁ። የውሸቱ ለቅሶ ብቻ ቀረ፤ የሀሩን ስም የተጠራበት ቦታ ላይ ድምፁ ተቆርጦ።

ፊልሙ በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታየ። ሐበሻው ሁሉ መጣ፤ የጎረቤት ሜክሲኮዎችም መጡ። አስራ ስምንት ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ ልጁ ይወድቃል፣ እናት ሮጣ ትደርሳለች፣ ካለቀ በኋላ። ሰው ተንሰቀሰቀ። ሴቶች ዙሌይካን እያቀፉ፣ «አንጀቴን በላሽው፣ እንዲህ ያለ ችሎታ የት ደብቀሽው ነበር!» አሏት። ዙሌይካ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለች አመሰገነች። ሀሩን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጨለማው ውስጥም ቢሆን እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር።

እስከዚያ ቀን እሷ አላስተዋለችውም። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃታት። ሀሩን አይሮጥም። ሥራ ረፍዶበት አይሮጥም። አውቶብስ ሊያመልጠው፣ መኪናው የቆመች ጊዜ፣ አይሮጥም። ልጆች ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ኳሷ አጠገቡ ብትመጣ እንኳን በእግሩ ያቆማትና ይሄዳል። ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል። ማታ ማታ እናቱ ትምህርቱን መጠየቅ ትታለች፤ የሚጠየቅ ነገር አልቀረማ።

ግንቦት ላይ በረዶ ዘነበ። የዳላስን የግንቦት በረዶ ያላየ ሰው ለውዝ ይመስለዋል፤ እንቁላል ነው የሚያህለው። ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ወረደው፤ የመኪና መስታወት እየተሰነጠቀ፣ ሰው ቦርሳውን፣ ካርቶኑን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ እየጮኸ ወደ ደረጃው ይሮጣል። ታፈሰ እንኳን፣ ያ ቦርጫም፣ እየዘለለ ሲገባ አየችው። ዙሌይካ መስኮቱ ላይ ነበረች። ሀሩን መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ መራመድ ጀመረ።

አንዱ በረዶ ትከሻውን መታው። ሌላው ግንባሩን። ልጁ ይራመዳል።

ዙሌይካ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ሩጥ!» ልትል ነበር። ግን ያኔ ነው ድንገት ትዝ ያላት፣ ክው ብላ ቀረች። ያን ቀን «መሬት» ብላዋለች፤ ተፈትቶ ሲነሳ ያስነሱት ፖሊሶቹ ናቸው። እሷ ሌላኛውን ቃል አላለችውም። ሰባት ወር ሙሉ አላለችውም።

ኦፊስ ወረቀት ይላክ፣ ታች ያለው ሰውዬ ጣራውን ያፍርሰው፤ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ በዚያ ድምፅዋ ጮኸች፦

«ሰማይ! ሀሩኔ፣ ሰማይ!»

ሀሩን ቆመ። ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል፤ ፈገግ አለላት። ከዚያ እጆቹን ከጎኑ ፈታ አድርጎ፣ ጣቶቹ በደንብ እንዲታዩ፣ በበረዶው ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመደ መጣ።